ናታሊዙማብ የምትወስዱ የኤምኤስ ታካሚዎች የአንጎል ኤምአርአይ ክትትላችሁን እንዴት ታደርጋላችሁ?

«ደህና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም፤ ታዲያ ለምን በየሦስት ወሩ ኤምአርአይ ተነሺ ይሉኛል?» ይህን ጥያቄ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጎልንና አከርካሪን የሚያጠቃበት በሽታ) ካለባቸውና ናታሊዙማብ ከሚወስዱ ሰዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። ከአሜሪካም፣ ከእስራኤልም፣ ከአውሮፓም ይመጣል። መልሱን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መድኃኒቱን ታይሳብሪ በሚለው የንግድ ስሙ ታውቁት ይሆናል። ታይሩኮም ያው ናታሊዙማብ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ለሁለቱም ይሠራል። ናታሊዙማብ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ከደም ወደ አንጎል እንዳያልፉ ይዘጋል። ኤምኤሱ የሚረጋው በዚህ ነው። ችግሩ፣ በሩ ሲዘጋ አንጎልን ከቫይረስ የሚጠብቁት ሴሎችም ውጭ ይቀራሉ። ከአዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት ጄሲ የሚባል ቫይረስ በሰውነታቸው ውስጥ አለ። ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልኩን ምንም አያደርገውም። ጠባቂ ያጣ አንጎል ውስጥ ሲነቃ ግን ፒኤምኤል የሚባል ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል። የነርቭን ሽፋን የሚሠሩትን ሴሎች ይገድላል።

ኤምአርአይ ይህን ጉዳት ምልክት ከመጀመሩ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ሊያሳይ ይችላል። ምልክት ሳይጀምር የተደረሰበት ሰው የመዳን ዕድሉ ይሻላል፤ የሚቀርበት ጉዳትም ያነሰ ነው። ደህና ሆናችሁ ሳለ ተነሱ የምትባሉት ለዚህ ነው።

ይህ መመሪያ ከነርቭ ሐኪማችሁ ጋር ተዘጋጅታችሁ እንድትነጋገሩ የተጻፈ ነው። መድኃኒት ለመጀመርም ሆነ ለማቆም የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የቀድሞ ኤምአርአይ ምስሎች በሲዲ ወይም በሆስፒታሉ ድረ ገጽ። ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ምስሉ ራሱ ያስፈልጋል።
- የጄሲ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል የደም ምርመራ ውጤት፣ ከኢንዴክስ ቁጥሩና ከቀኑ ጋር።
- ናታሊዙማብ የጀመራችሁበት ቀንና የመጨረሻው ኢንፊውዥን (መድኃኒቱ በደም ሥር የተሰጣችሁበት) ቀን።
- ከዚያ በፊት የወሰዳችኋቸው መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ዝርዝር፦ ማይቶዛንትሮን፣ አዛታዮፕሪን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴት፣ ማይኮፌኖሌት።
- በሰውነታችሁ ውስጥ የተገጠመ ነገር ካለ የመሣሪያው ካርድ።
- የኩላሊት ምርመራ ውጤት። ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ፣ በደም ሥር የሚወጋ ንጥረ ነገር) የሚሰጣችሁ ከሆነ ሊጠየቅ ይችላል።
- ብረት የሌለበት ልብስ።
- በየቀኑ የሚያያችሁ አንድ ሰው። ለምን እንደሆነ ማስጠንቀቂያዎቹ ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ሥጋት እወቁ

ሥጋቱን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። በደማችሁ የጄሲ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩና መጠኑ፣ መድኃኒቱን ከሁለት ዓመት በላይ መውሰዳችሁ፣ ቀደም ሲል መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰዳችሁ።

መጠኑ የሚለካው ኢንዴክስ በሚባል ቁጥር ነው። ሐኪማችሁን «ፖዘቲቭ ነኝ ወይስ ኔጌቲቭ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። «ኢንዴክሴ ስንት ነው?» በሉ። ልዩነቱ ሰፊ ነው። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ፣ ኢንዴክሱ ከ0.9 ያልበለጠ ሰው በስድስተኛው የሕክምና ዓመት እንኳ ሥጋቱ ከ1000 ሰው ከ1 በታች ነው። ኢንዴክሱ ከ1.5 ሲበልጥ በዚያው ዓመት ከ1000 ሰው ወደ 10 ይጠጋል። ሁለቱም «ፖዘቲቭ» ይባላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ክትትል ግን አንድ አይደለም።

ኔጌቲቭ የሆናችሁ የደም ምርመራውን በየ6 ወሩ ድገሙት። ዛሬ ኔጌቲቭ የሆነ ሰው በሌላ ጊዜ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ፕላዝማችሁ የታጠበ ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር ወስዳችሁ ከሆነ 6 ወር ሳይሞላ ምርመራውን አትስጡ። የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካሉን አጥቦ ያስወጣዋል፣ ሁለተኛው የሌላ ሰው ያስገባላችኋል። በሁለቱም ቁጥሩ የእናንተ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ መነሻ ምስል ይኑራችሁ

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት 3 ወራት ውስጥ የተነሳ የአንጎል ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ኤምኤስ ራሱ አንጎል ላይ ነጫጭ ጠባሳ ይተዋል። የትኛው ጠባሳ አሮጌ እንደሆነ ካልታወቀ አዲሱን መለየት አይቻልም።

አገር ወይም ሆስፒታል የቀየራችሁ ከሆነ መነሻውን ምስል ከቀድሞው ቦታ አስመጡ። ሲዲውን ስትቀበሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ። ባዶ ወይም የማይከፈት ሲዲ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ አዲሱ ሐኪም ፊት ነው፤ ያኔ ሌላ ቀጠሮ ሊያስፈልግ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የጊዜ ሰሌዳውን አስይዙ

ሥጋቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ የአንጎል ኤምአርአይ። ሥጋቱ ከፍ ላለ ሰው በየ3 እስከ 6 ወሩ አጠር ያለ ኤምአርአይ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ምክር ይኸው ነው። ከፍ ያለ ሥጋት ማለት፣ ለምሳሌ፣ ኢንዴክስ ከ1.5 በላይ ሆኖ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ሦስቱም ነገሮች የተገናኙበትም እዚሁ ይገባል።

ልዩነቱ ለምን? ፒኤምኤል በሳምንታት ውስጥ ያድጋል። በዓመት አንዴ ብቻ የሚነሳ ሰው በሁለት ምስሎች መሃል በሽታው ጀምሮ፣ ሰፍቶ፣ ምልክት ሊያሳየው ይችላል።

አንድ ቀጠሮ ስትጨርሱ የሚቀጥለውን እዚያው አስይዙ። የሦስት ወሩ ሰሌዳ ሳይታወቅ ስድስት ወር የሚሆነው እንዲህ ሳይደረግ ሲቀር ነው።

ደረጃ 4፦ ማዘዣው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ማዘዣው ላይ «ኤምኤስ» ብቻ ከተጻፈ ራዲዮሎጂስቱ የሚፈልገው አዲስ የኤምኤስ ጠባሳ ነው። ናታሊዙማብ እንደምትወስዱ ላያውቅ ይችላል። ሐኪማችሁ በአገራችሁ ቋንቋ የሚከተለውን ዓይነት ነገር እንዲጽፍ ጠይቁ፦

«ናታሊዙማብ ከዚህ ቀን ጀምሮ። የጄሲ ቫይረስ ኢንዴክስ ይህን ያህል። ለፒኤምኤል ክትትል። በዚህ ቀን ከተነሳው ምስል ጋር ይነጻጸር።»

አጭሩ ኤምአርአይ ሦስት ዓይነት ምስል ሊኖረው ይገባል። ፍሌር የአንጎልን ውሃ አጥቁሮ ጉዳቱን ነጭ ስለሚያደርግ ትንሽ ነገር እንኳ ይታይበታል። ቲ2 ያንኑ ያረጋግጣል፤ በተለይ በአንጎል ሥረኛ ክፍል ላይ ከፍሌር ይሻላል። ዲፉዥን በውስጡ እየሠራ ያለ ኢንፌክሽን ያለበትን ቦታ ያበራል፤ አዲስን ከአሮጌ ለመለየት ይረዳል። የምስሉ ቁራጭ ውፍረት ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ቁራጩ ከወፈረ ትንሽ ጉዳት በመሃል ይሰወራል።

ለተራ ክትትል ኮንትራስት የግድ አይደለም። ጋዶሊኒየም የሚባለው ይህ ኮንትራስት የሚያስፈልገው አጠራጣሪ ነገር ከታየ ነው። ስለዚህ «ዛሬ መርፌ አልወጉኝም፣ ምርመራው ጎዶሎ ነው» ብላችሁ አትጨነቁ።

የአከርካሪ ኤምአርአይ ለዚህ ሥራ አይተካም። ፒኤምኤል ብዙውን ጊዜ አከርካሪንና የዓይን ነርቭን አይነካም። መታየት ያለበት አንጎል ነው።

ደረጃ 5፦ የምርመራው ቀን

ማሽኑ ሁልጊዜ የበራ ኃይለኛ ማግኔት ነው። ስለዚህ ብረት ሁሉ ይወልቃል። የአንገት ማተብ ላይ ያለ መስቀል፣ ጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ሽቦና ማስያዣ፣ ዊግ፣ ቀለበት፣ ስልክ፣ የባንክ ካርድ። ቅጥያ ፀጉር የተሠራችሁ ከሆነ ውስጡ የብረት ክር ወይም ማያያዣ እንዳለ ከሠራችላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኩልና የዓይን ቀለም እቤት ታጥባችሁ ሂዱ። አንዳንዱ የብረት ብናኝ ስላለበት ምስሉን ያበላሻል፣ ዓይንንም ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከቆዳ በታች ያለው ብረት ነው። ጦር ሜዳ የነበራችሁ ወይም በተኩስ የቆሰላችሁ ሰዎች፣ በሰውነታችሁ ውስጥ ፍንጣሪ ወይም ጥይት ሊኖር እንደሚችል የግድ ተናገሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ቢሆንም፣ ባያማችሁም ተናገሩ። ብየዳ ወይም ብረት መሞረድ የሠራችሁም ዓይናችሁ ውስጥ ብናኝ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ ንገሯቸው፤ አስቀድሞ በራጅ ይታያል። ዓይን ውስጥ የቀረች ቅንጣት በማግኔቱ ተጎትታ ማየትን ልታጠፋ ትችላለች። የልብ ምት ማስተካከያ፣ የአንጎል ደም ሥር መቆንጠጫና የጆሮ ውስጥ መሣሪያም እንዲሁ። ጥርስና ድድ ላይ ያለ ሥራን፣ ንቅሳትንም መጥቀስ አይጎዳም።

ቅጹን የምትሞሉት በማይመቻችሁ ቋንቋ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። አንድ የተሳሳተ «የለም» እዚህ ክፍል ውስጥ አደጋ ነው።

መጾም አያስፈልግም፤ ማስታገሻ እንወስዳለን ካላላችሁ በስተቀር። በጾም ወቅት ከሆነም ቀጠሮውን ማዘዋወር አይጠበቅባችሁም። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 6፦ ማሽኑ ውስጥ

እያንዳንዱ ምስል የተወሰኑ ደቂቃዎች ይፈጃል። በእነዚያ ደቂቃዎች ጭንቅላት ትንሽ ቢነቃነቅ ሁሉም ይደበዝዛል። እዚህ የሚፈለገው ጉዳት ትንሽ ሊሆን ስለሚችል የደበዘዘ ምስል ምንም እንዳልተነሳ ይቆጠራል።

ከመግባታችሁ በፊት ሽንት ቤት ሂዱ። ጉልበታችሁ ሥር ትራስ ይደረግላችሁ፤ ወገብ ሲያርፍ ጭንቅላትም ያርፋል። ማሳልም ሆነ ምራቅ መዋጥ ካስፈለጋችሁ የማሽኑ ድምፅ ሲቆም አድርጉት። ድምፁ ሲቆም ግን ጭንቅላታችሁን አታዙሩ። የሚቀጥለው ምስል የሚነሳው ካለፈው ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሆን ተደርጎ ነው። የጠባብ ቦታ ፍርሃት ካለባችሁ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ፤ በዕለቱ ማስታገሻ ከተሰጣችሁ መኪና መንዳት አትችሉም።

ደረጃ 7፦ ከአሮጌው ጋር ማነጻጸር

ሥራው ሁሉ እዚህ ያርፋል። ብቻውን የቆመ አንድ ምስል ስለ ፒኤምኤል የሚለው ጥቂት ነው። አዲሱን ካለፈው ጎን አስቀምጦ ቁራጭ በቁራጭ ማየት ነው የሚያጋልጠው።

የሚታየው እንዲህ ነው። የኤምኤስ ጠባሳ ብዙውን ጊዜ በአንጎል መሃል ባሉት የውሃ ክፍሎች ዙሪያ ይሆናል። ሞላላ ነው፣ ዳሩ ይለያል። የፒኤምኤል ጉዳት ደግሞ ከአንጎል ቅርፊት ሥር ተጠግቶ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም በፊት ለፊቱ ክፍል። ፍሌር ላይ ሲታይ የውጨኛው ጠርዝ የቅርፊቱን እጥፋት ተከትሎ ስለት ያለው ነው። የውስጠኛው ጠርዝ ግን ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቡና እየሳሳ ይጠፋል። በዙሪያው ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ተበትነው ሊታዩ ይችላሉ። ዲፉዥን ላይ ያበራል። ትልቅ ቢሆንም እንኳ አካባቢውን እምብዛም አይገፋም። ምልክት የጀመራቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከ3 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ምልክት በሌላቸው ላይ ግን ትንሽ፣ ከኤምኤስ ጠባሳ ጋር በቀላሉ የሚምታታ ነው። ዓመት ሙሉ ሲነጻጸር የኖረ ምስል ዋጋው እዚህ ላይ ይታወቃል።

በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማሽን ተነሱ። 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔቱ ኃይል መለኪያ ነው) ማሽን ላይ ያልታየ ነጥብ 3 ቴስላ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ያ «አዲስ» ነጥብ ከማሽኑ ይሁን ከበሽታው ለመለየት ሌላ ሳምንታት ይጠፋሉ።

ሪፖርቱ ሲደርሳችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ከየትኛው ቀን ምስል ጋር እንደተነጻጸረ። ሁለተኛ፣ ስለ ፒኤምኤል በስም የተባለ ነገር መኖሩን። «ለማነጻጸር የቀድሞ ምስል አልተገኘም» የሚል ካለ ሲዲውን ይዛችሁ ተመለሱና ተጨማሪ ሪፖርት እንዲጻፍ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ አጠራጣሪ ነገር ከታየ

የሚቀጥለው ኢንፊውዥን ነገሩ እስኪጣራ ይቆማል። በኮንትራስት ሙሉ ኤምአርአይ ይነሳል፤ ከወገብ ፈሳሽ ተቀድቶ የጄሲ ቫይረስ ፒሲአር በሚባል የቫይረስ ዘረመል ምርመራ ይፈለጋል። ፒሲአሩ ኔጌቲቭ ቢሆን እንኳ ነገሩ አልተዘጋም። ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቫይረስ ጥቂት ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ምስሉ አጠራጣሪ ከሆነ ምርመራው ይደገማል።

መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ መከላከያ ሴሎች ወደ አንጎል ተመልሰው ቫይረሱን ሲዋጉ ብግነት ይነሳል። በሽተኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ኤምአርአይ ቶሎ ቶሎ ይደጋገማል። ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ሲብስ አይደናገጥም፤ ቶሎ ሆስፒታል ይደውላል።

ደረጃ 9፦ መድኃኒቱን ስታቆሙ ወይም ስትቀይሩ

የመጨረሻው ኢንፊውዥን ክትትሉን አይዘጋም። ፒኤምኤል መድኃኒቱ ከቆመ እስከ 6 ወር ድረስ ሊታይ ይችላል። ሰሌዳው ቢያንስ እስከዚያ ይቀጥላል። ወደ ሌላ መድኃኒት ከመሻገራችሁ በፊትም አንድ ኤምአርአይ ይነሳ፤ ሳይታወቅ የጀመረ ፒኤምኤል ላይ ሌላ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መጨመር እሳት ላይ ነዳጅ ነው።

ፊንጎሊሞድ ወይም ዳይሜቲል ፉማሬት ወደሚባሉት ሌሎች የኤምኤስ መድኃኒቶች የተቀየራችሁም ሥጋቱ በእጅጉ ቢቀንስም አልጠፋም። በተለይ ዳይሜቲል ፉማሬት ላይ የሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) ቁጥራችሁ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ወርዶ ወራት ከቆየ ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ምልክት ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ። የአንድ ወገን ድካም፣ የንግግር መንተባተብ፣ የማየት ችግር፣ ሚዛን ማጣት፣ የጠባይ መለወጥ። የኤምኤስ ማገርሸት ብዙ ጊዜ በሰዓታትና በቀናት ይመጣል። ፒኤምኤል በሳምንታት ቀስ እያለ ይብሳል። የጠባይ ለውጥን በሽተኛው ራሱ ላያየው ይችላል። ባለቤት፣ እህት ወይም የሥራ ባልደረባ «እሱ እኮ ሰሞኑን ልክ አይደለም» ካለ ያ ራሱ ምልክት ነው።
- ከኢንፊውዥን በፊት ነርሷ ስትጠይቅ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትለፉ። አሜሪካ ውስጥ በማሰብ፣ በማየት፣ በሚዛንና በጉልበት ላይ አዲስ ለውጥ መኖሩ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ይጠየቃል። ጥያቄው የተቀመጠው ለፒኤምኤል ነው።
- «አገርሽቷል» ተብሎ ስቴሮይድ ከመሰጠቱ በፊት ኤምአርአይ ይነሳ። ፒኤምኤል ከሆነ ስቴሮይዱ ቫይረሱን የሚዋጋውን መከላከያ ያዳክማል።
- ወደ አገር ቤት ለረጅም ጊዜ ስትሄዱ የመጨረሻውን ምስል በሲዲና ከሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ ምልክት ቢጀምራችሁ ለሚያያችሁ ሐኪም የመጀመሪያው ቃላችሁ «ናታሊዙማብ እወስዳለሁ» ይሁን።
- ጠበል የምትገቡ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ናታሊዙማብ በድንገት ሲቆም ኤምኤሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ሊነሳ ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

«ባለፈው ንጹሕ ነበር፣ ይህን ልዝለለው» ማለት። ያለፈው ምስል የሚናገረው እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራን የደም ውጤት ይዞ «ኔጌቲቭ ነኝ» ብሎ መቆየት።

ኢንፊውዥኑን በየ4 ሳምንቱ ከመውሰድ ወደ 6 ሳምንት ሲራዘም ኤምአርአዩንም አብሮ ማራዘም። ማራዘሙ የፒኤምኤልን ሥጋት እንደሚቀንስ ታይቷል፤ አያጠፋውም ግን። ሰሌዳውን ሐኪማችሁ ካልቀየረው ያው ነው።

በስልክ የተነሳ የኤምአርአይ ፎቶ ለሐኪም መላክ። ሐኪሙ ሁሉንም ቁራጭ እያገላበጠ፣ ብርሃኑን እያስተካከለ ማየት አለበት። አንድ ፎቶ ይህን አይሰጠውም። ሲዲውን ወይም የድረ ገጹን ሙሉ ፋይል ላኩለት።